ልጄ ሳሎኔ ውስጥ የሠራው አስፈሪ ፊልም

አስፈሪ ፊልም የሚባል ነገር ወድጄ አላውቅም። ሰው በገዛ ገንዘቡ ፍርሃት ይገዛል እንዴ? ፍርሃት እንደሆነ በነፃ ሞልቶ ተርፏል። ስለዚህ ልጄ «እማ፣ ቤቱን ለፊልም ፍቀጂልኝ፤ የሚያስፈራ ፊልም ነው» ሲለኝ «የሚያስፈራስ ዲግሪ ይዘህ ቤት መዋልህ!» ብዬ ነበር የመለስኩለት። ምላሴ ስለት ናት። ነቀምቴ ገበያ ክር፣ ዚፕና ቁልፍ ከእኔ ሱቅ የሚገዛ ሁሉ ይሄን ያውቃል።

እሱ ግን አልሳቀም። «አንዴ ብቻ ልሞክር። ሰው ከሳቀበት ካሜራውን ለባለቤቱ መልሼ ግምቢ አጎቴ ጋ እገባለሁ» አለኝ። አጎቱ ግምቢ ላይ የእህል መጋዘን አለው፤ ልጁ ከተመረቀ ጀምሮ «ላኪው፣ ላኪው» ይለኛል። ግምቢን ጠልቼ አይደለም። ግን አባቱ ከሞተ ወዲህ ልጄ ዝምተኛ ሆኖብኝ ነበር፤ ዓይኑ ሲበራ የማየው ስለ ፊልም ሲያወራ ብቻ ነው። ያን ደግሞ ጆንያ መሀል ሊቀብረው ነው ብዬ ሳስብ አንጀቴን በላኝ። እሺ አልኩ።

እኔ ሱቅ ስውል እነሱ ይቀርጻሉ፤ አመሻሽ ላይ ስመለስ ሶፋዬ መኝታ ቤት፣ አልጋዬ ሳሎን ሆኖ አገኘዋለሁ። ዋናዋ ተዋናይት እዚሁ ሰፈር ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። ገና ልጅ ስለሆነች ፀጉሯን ለማሸበት የፉርኖ ዱቄቴን ሙልጭ አድርገው ጨረሱት። ልጄ መንገድ ላይ ቆሞ የባጃጅ ሾፌሮችን «በእናታችሁ፣ እስክንቀርጽ ድረስ ሞተር አጥፉልን» እያለ ይለምናል። ታሪኩ ምንድነው ስለው «ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ብቻዋን ሆና ኮቴ ትሰማለች» አለኝ።

«የእኔን ታሪክ ነው እንዴ?»

«አይ እማ፣ ልብ ወለድ ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። እኔም ነገሩን አልገፋሁበትም።

ሲጨርስ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ አንድ አዳራሽ ለምኖ አገኘና እሑድ ከሰዓት በኋላ አሳየ። የሰፈሩ ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። ፊልም ወዶ እንዳይመስላችሁ፣ «የእኛ ልጅ ነው» ብሎ ነው። የእድራችን ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ተቀመጡ። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ከጎኔ ሆነች። እሷ ኦሮሞ ናት፤ እኔ ነጋዴ ሆነው ከመጡ የጉራጌ ቤተሰቦች እዚሁ የተወለድኩ ነኝ። አማርኛና ኦሮምኛውን እያደባለቅን የትኛው ቃል የማን እንደሆነ ከጠፋብን ቆየ። «ኦቦሌቲ ኮ፣ ዛሬ ልጃችን ሊያስፈራራን ነው!» ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እህቴ ማለቷ ነው፤ ሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም።

እንግዲህ እናቱም ብሆን እውነቱን ልናገር፤ የፊልሙ እንከን ብዙ ነው። የነርሷ ሽበት በተንቀሳቀሰች ቁጥር ትከሻዋ ላይ ይራገፋል። አንድ ቦታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምን እንደምትል አይሰማም። ወለጋ ውስጥ በክረምት ድምፅ ልቅረጽ ማለት በራሱ እብደት ነው። ደም የተባለው የቀይ ስር ውሃ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ ደሙ ራሱ ለምን እንዳስፈለገ ግን አሁንም አልገባኝም። ከሁሉ የባሰው ዶክተሩ ነው። መጨረሻ ላይ የልጄ ጓደኛ ነጭ ጋዋን ለብሶ ይመጣና ሴትዮዋ ምን እንደነካት እንደ ሬዲዮ ዜና ያነብልናል። ሰውን ያን ያህል አስጨንቆ ሲያበቃ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ምን የሚሉት ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉታል ይሄን።

ጥሩው ግን ጥሩ ነበር። ጭራቅ የለ፣ ጥፍር የለ። ካሜራው የሳሎኔን በር እያየ ዝም ብሎ ይቆያል። መጀመሪያ ይሰለቻል፤ ቆይቶ ሰዉ ማሳሉን ይተዋል፣ ወንበሩም መንቋቋቱን ይተዋል። ያኔ ከውጭ ጠጠሩ ላይ ኮቴ ይሰማል። ይቀርባል፣ ይቀርባል፣ ደጃፉ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። አይገባ፣ አያንኳኳ። ስንት ዘመን የኖርኩበትን በር ፈራሁት። እንዲህ ያለውን ነገር በገንዘብ ብዛት አይሠሩትም።

ነርሷም ብትሆን ዱቄቷን ከረሳነው ጎበዝ ናት። ፊልሙን ሙሉ በአማርኛ ስትናገር ቆይታ፣ ሲጨንቃት «ዋቃ ኮ!» አለች። አምላኬ ማለት ነው። ጽሑፉ ላይ የሌለ፣ ከራሷ የወጣ ቃል መሆኑን በኋላ ሰማሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

አንዱ ቦታ ላይ ሴትዮዋ ጆሮዋን ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ ከማዶ የጎረቤት ሳቅና የሳህን ኳኳታ ይሰማል። ጎረቤቴ ከጎኔ ብድግ ብላ «እንዴ! የእኔ ሳቅ ነው!» አለች። እውነትም የእሷ ነበር፤ ሳታውቅ ተቀድታለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ከዚያ፣ ሩቅ አገር የሚማረው የሴትዮዋ ልጅ ስልክ ደወለ። «አታስብ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ላወራህም አልቻልኩም» አለችው። ካሜራው ወደ ኋላ ሲሸሽ ቤቱ ውስጥ እሷ ብቻ ናት። ይሄ የእኔ ቃል ነው! አባቱ የሞተ ጊዜ ልጄ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር፤ ከቀብር በኋላ ለፈተና ተመለሰ። ትምህርቱን ጥሎ እንዳይመጣብኝ ብዬ ማታ ማታ ሲደውል እንደዚያ እለው ነበር። አምኖኝ ነበር የሚመስለኝ።

የባሰው ገና ነበር። ሴትዮዋ የሟች ባሏን ሸሚዝ እየተኮሰች ነው። ኮቴው መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። እሷ ቀና እንኳ ሳትል «ግባ፣ በሩ ክፍት ነው። ሸሚዝህን ተኩሼልሃለሁ» አለች። ኮቴው ዞረና እየፈጠነ ሄደ።

በስመ አብ! ይሄንንም ያልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ በሞተበት ክረምት፣ አንድ ከሰዓት ዝናቡ እንዳባራ፣ የእሱን ኮቴ ደጄ ላይ ሰማሁ። ሲራመድ አንድ እግሩን ጎተት ያደርግ ነበር፤ ከሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ። ግባ ብዬ ጠራሁት። ኮቴው ሄደ፤ ሮጬ ብከፍት ማንም የለም። ለነፍስ አባቴም አልተነፈስኩም። «አበደች» ልባል? አእምሮዬ ተነካ ብዬ ፈራሁ። ግን ልዋሽ አልችልም፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ሊያየኝ መጣ ብዬ ነበር። ታዲያ ማንም የማያውቀውን ነገር ልጄ ከየት አመጣው?

መብራቱ በራና ልጄ አስተያየት ስጡኝ ብሎ ፊታችን ቆመ። መጀመሪያ የተነሱት የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው።

«ጥሩ ሞክረሃል፣ ልጄ። ነገር ግን ውሸት አለበት» አሉት። «የእኛ አገር ሴት ባሏ ሞቶባት ለብቻዋ ትተዋለች? ጎረቤቱ የት ሄዶ? እድሩ የት ሄዶ? ይሄ የፈረንጅ ቤት እንጂ የነቀምቴ አይደለም።»

ሰዉ አጨበጨበ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ከኋላ «እኔ ብሆን ቆሎ ይዤ እገባላት ነበር!» ሲል ሳቁ እንደገና ፈላ። ጎረቤቴ እንኳ «እውነታቸውን ነው፤ እኛ እያለን?» አለች። ልጄ የካሜራውን ቦርሳ ማንገቻ እየጠቀለለ፣ እየፈታ «ልክ ናችሁ፤ ይሄን አላሰብኩበትም። ልተወው መሰለኝ» አለ። ቀና ብሎ ማንንም አላየም። በቃ፣ ግምቢ ሄዷል አልኩ በሆዴ።

ተናገሪ ይለኛል አንዱ ልቤ። ዝም በይ ይለኛል ሌላው። ብናገር እነዚህን ሰዎች በአደባባይ ማሳፈሬ ነው፤ ድንኳን የተከሉልኝ፣ ንፍሮ የቀቀሉልኝ፣ ባሌን ተሸክመው የቀበሩልኝ ሰዎች ናቸው። ዝም ብል ደግሞ ልጄ እውነት ተናግሮ ውሸታም ሊባል ነው። ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ውሸት አይደለም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። «ድንኳኑ እስኪነሳ ከአጠገቤ አልጠፋችሁም፤ እግዜር ይስጥልኝ። እስከ አርባው ተፈራርቃችሁ መጣችሁ። ከአርባው በኋላስ? ሁሉም ወደ ኑሮው ገባ። አልቀየምኩም፣ ኑሮ ነው። ሐዘን ግን አርባ ሞላኝ ብሎ አይወጣም። ያን ክረምት ከሱቅ ስገባ ብቻዬን ነበርኩ። የሰው ሳቅ የምሰማው በግድግዳ ነው። ልጄን ቤቱ ሙሉ ነው እያልኩ እዋሸው ነበር። ዱቄቱንና ዶክተሩን ተዉትና፣ ፊልሙ እውነት ነው!»

ጎረቤቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ «ማሎ፣ ምነው ኦቦሌቲ ኮ! የባልሽ ዘመዶች ከኡኬ መጥተው አብረውሽ ያሉ መስሎኝ ነው እኮ!» ብላ አለቀሰች። የኡኬዎቹ ደግሞ ጎረቤት አለላት ብለው ነበር። አንዱ በሌላው ሲተማመን እኔ መሀል ቀረሁ። ማን ላይ ልፍረድ? እኔም ኩራቴ ይዞኝ አልጠራኋቸውም። አቅፋኝ ስታለቅስ አብሬያት አለቀስኩ።

ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ውሸት ያልኩትን አንስቻለሁ» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ግልጽ አድርግልን። ያ ደጃፍ ላይ የሚቆመው ማነው? ጋኔን ነው ወይስ ሟቹ?»

ልጄ እሳቸውን አላየም። እኔን አየኝ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ፈተናውን ጨርሶ ሳይነግረኝ ድንገት ሊያስደስተኝ መጥቶ ኖሯል። ከመናኸሪያ በእግሩ መጥቶ፣ ደጃፉ ላይ ደርሶ እጁን ለማንኳኳት ሲያነሳ አባቱን ስጠራ ሰማ። «የአባዬን ስም እየጠራሽ ግባ አልሽኝ» አለ፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው መኖሩን ረስቶታል። «ብገባ እሱ አለመሆኔን ስታዪ ምን ትሆኚያለሽ? ፈራሁ፣ እማ። ተመልሼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።»

ተቀመጥኩ። አእምሮዬ ደህና ነበር ማለት ነው፤ እሰይ ማለት ነበረብኝ። ግን ባሌ አልመጣም ነበር። በዚያ አንድ ከሰዓት ስንት ጊዜ ተጽናንቼ ነበር፤ ያን መጽናናትም እዚያው ወንበር ላይ ቀበርኩት። የመጣው ልጄ ነው፣ እሱም ከደጄ ተመለሰ።

ከፊት ሰብሳቢው ዝግ ባለ ድምፅ «ዶክተሩን አውጣው። ሌላው እንዳለ ይሁን፤ ሥራህንም እንዳትተው» ሲሉት ሰማሁ። ልጄ የሰማቸው አልመሰለኝም። በወንበሮቹ መሀል ወደ እኔ መጣ፤ እግሩን ልክ እንደ አባቱ ጎተት እያደረገ፤ እስከዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም። አጠገቤ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ቆመ።

«አባቴን እንጂ እኔን አትፈልግም ብለህ ነው የሄድከው?» አልኩት።

«አዎ፣ እማ።»

«እኔ እኮ የናፈቀኝ እሱ ብቻ አልነበረም» አልኩትና እጁን ስቤ ጎኔ አስቀመጥኩት።