ለሁለት ወፍ የመጣ ሰው ሁሉ

ከሞያሌ ስነሳ አውቶቡሱ አጠገብ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። ጎረቤቴ ሃዎ በሩ ጋ ቆማ የእጅ ቦርሳዬን ይዛልኛለች። ከዳበል ማር የሚያመጣልኝ ጉዮ ፀሐዩን ሸሽቶ ከኋላው ጎማ ጥላ ሥር ቆሟል። ሻንጣ ጫኙ ጣሪያው ላይ ነው። እኔ በሃዎና በጉዮ መካከል ነበርኩ። ማንም አላለቀሰም።

«ማማ ሰናይት፣ እዚያ አገር ሰው ሰላም አይባባልም አሉ» አለች ሃዎ፤ በልጄ ስም ነው የምትጠራኝ።

«እኔ እላለሁ።»

«ካልመለሱልሽስ?»

«እደግመዋለሁ።»

«ከሠለስሽው ፖሊስ ይጠሩብሻል» አለ ጉዮ። ሃዎ ሳቀች። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ሲነፋ ቦርሳዬን ሰጠችኝና ገባሁ።

ድንበሩን ተሻግሬ ኬንያ በኩል ሞያሌ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። ባለቤቴ ካለፈ በኋላ ማር እየሸጥኩ ነው ልጄን ያስተማርኩት። ሰናይት አሁን እንግሊዝ አገር፣ ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ባለ መንደር፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ወልዳለች፤ የልጇ አባት አብሯት የለም። ቪዛዬ የስድስት ወር ቢሆንም እሷ እንድቀር ነበር የምትፈልገው። እኔም የተከራየሁትን ቤት አስረክቤ፣ አምስቱን ቀፎዬን ለጉዮ ትቼ ነው የወጣሁት። መመለሻ አላስቀረሁም።

አየር ማረፊያው ላይ መስታወት ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ ሥራዬን ጠየቀኝ። እንግሊዝኛ አንቱና አንተን አይለይም፤ እኔ ስጽፈው ግን በእኛ ወግ ነው።

«ማር እሸጣለሁ» አልኩት።

«ለልጅዎ ማር ይዘዋል?»

«አልያዝኩም።»

«ማር ነጋዴ ሆነው?»

«ወረቀታችሁ ላይ ከእንስሳ የተገኘ ምግብ ተብሎ ተጽፏል። ንብ እንስሳ ትሁን አትሁን እርግጠኛ ስላልሆንኩ ተውኩት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ወረቀቱን አነበቡት?»

«አዎ።»

«እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት» አለና ማኅተሙን መታው።

የመጣሁት በሚያዝያ ነው። ብርዱ የሞያሌ ብርድ አይደለም፤ ከውጭ ሳይሆን ከወለሉ ነው የሚመጣው። ቲማቲሙ እንደ ሥዕል ያማረ ነው፣ ጣዕም ግን የለውም። ወተቱ አይሸትም፤ ጭስ የታጠነ የግመል ወተት ለለመደ ሰው ውኃ ነው። መንገድ ላይ ላገኘሁት ሁሉ ሰላም አልኩ። አብዛኛው መለሰልኝ። ለሃዎ በስልክ ስነግራት አላመነችም።

ሰናይት የተከራየችው ሚስተር ሄንሊ የሚባሉ ሚስታቸው የሞተችባቸው ገበሬ ጓሮ ያለውን ቤት ነው። በአጥራቸው ዳር ስምንት ቀፎ አላቸው፤ ሣጥን ቀፎ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ። ከቀፎዎቹ ማዶ ድሮ አሸዋ ይወጣበት የነበረ ጉድጓድ አለ። ሰናይት የያዘችው ጠበቃ እዚህ እንድቀር ለሚያቀርበው ማመልከቻ ሦስት ወረቀት አምጡ ብሎን ሁለቱን አግኝተናል። ሦስተኛው ቤቱ ለሦስታችንም ይበቃል ብሎ አከራዩ የሚፈርመው ደብዳቤ ነው። ሚስተር ሄንሊ «አየዋለሁ» ብለው ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር።

ወፎቹ የመጡት በሰኔ መጀመሪያ ነው። ሁለት ናቸው። ድምፃቸውን ልብስ ሳሰጣ ሰማሁና ሳላይ አወቅኋቸው። ጀርባቸው እንደ ዝገት፣ ጉሮሯቸው ቢጫ፣ ሆዳቸው ሰማያዊ፤ በእኛ በኩል ሲያልፉ በመንጋ ነው፣ ሽቦው ሁሉ በእነሱ ይሞላል። ንብ የሚበሉት ናቸው። ከስልክ ሽቦው ላይ ተነስተው አንዷን ንብ ይቀልባሉ፣ ሽቦው ላይ ደብድበው ይውጣሉ፣ እንደገና ይነሳሉ።

በሁለተኛው ቀን ሰው መምጣት ጀመረ። በሦስተኛው የሚስተር ሄንሊ ማሳ በመኪና ሞላ። ሁሉም ባለ ሦስት እግር የሩቅ ማያ መነጽር ተክለው፣ እንደ ለቅሶ ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይቆማሉ። አንዱ ሰባት ሰዓት ነድቶ እንደመጣ ነገረኝ።

«ሰው ታሞብዎት ነው?» አልኩት።

«ወፉን ለማየት» አለኝ።

ወፎቹ የጉድጓዱን የአሸዋ ግድግዳ መቆፈር ሲጀምሩ ጠባቂም ተመደበላቸው። ቀን ቀን የምትጠብቀው ሱዛን የምትባል፣ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። እንዲህ ያለችን ሴት በስሟ ብቻ መጥራት አልሆን ስላለኝ ቲቸር ሱዛን እላታለሁ። ጠዋት ጠዋት ሻይ ሳደርስላት ከስልኳ ላይ የዕለቱን ብርቅዬ ወፎች ታነብልኛለች። አየርላንድ ደቡብ ዳርቻ አንድ ጥቁር ሽመላ። ስኮትላንድ ደሴት ላይ አንድ ቀይ እግር ያለው ጭልፊት። ዌልስ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ክንፍ ያለው ወፍ፣ ትናንት ታይቶ ዛሬ የጠፋ።

«ሁሉም አንድ አንድ ናቸው?» አልኳት።

«አንድ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው» አለች። «እናንተ ጋስ?»

«እኛ ጋ ማንም አይቆጥራቸውም።»

በመነጽሯ አሳየችኝ። ወፉ ምንቃሩ ውስጥ ንብ ነበር። የሚስተር ሄንሊ ንብ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስተር ሄንሊ ቀፎዎቹ አጠገብ አገኙኝ። «እነዚያ ወፎች ንቦቼን እየጨረሱብኝ ነው» አሉና ወደ ማዶ ተመለከቱ።

ይህን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። እኛ ጋ ቀፎ ያለው ሽማግሌ እርዱኝ አይልም። ጉዳቱን ይናገርና ወደ ማዶ ያያል። የሰማው ሰው ጄሪካን ይዞ ሄዶ፣ ወፉ እስኪርቅ ይደበድባል። ሰምቶ የተኛ ማሩን እንደሰረቀ ነው የሚቆጠረው፤ ኦቦ በሚባል ሰፈር በዚህ ምክንያት ጋብቻ ሲፈርስ አይቻለሁ። እንግዶቹ የሚስተር ሄንሊ እንግዶች ስለሆኑ እሳቸው አፍ አውጥተው መከልከል አፍረው ነው ብዬ አሰብኩ። ደብዳቤው የዘገየውም ምን ዓይነት ጎረቤት እንደሆንኩ ሊያዩ ይሆናል አልኩ። ጉድጓዱ ዳር የተተከለውን «አትቅረቡ» የሚል ማስታወቂያ አንብቤዋለሁ። ለእንግዶቹ የተጻፈ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ዝናብ ስለነበር እንግዳ አልመጣም። ሚስተር ሄንሊ ከተማ ሄደዋል። ቲቸር ሱዛን እኩለ ቀን ላይ ምሳዋን ልትበላ መኪናዋን ነድታ ወጣች። የዳቦ መጋገሪያውን ትሪ ከምድጃው አውጥቼ፣ የእንጨት ማንኪያ ይዤ ወደ ጉድጓዱ ወረድኩ። መጀመሪያ ሽቦው ላይ ያለው ተነሳ። ሁለተኛው ከአሸዋው ቀዳዳ ወጣ። ጉድጓዱን እየዞሩ ብዙ ጮኹ። ክንዴ እስኪዝል ትሪውን መታሁ። ከዛፎቹ በላይ ሄዱና አልተመለሱም።

ማታ ለሰናይት ስነግራት ልጇን ከጭኗ ላይ አነሳች።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ? እነዚህ ወፎች እኮ በሕግ የሚጠበቁ ናቸው! ጎጆ ላይ መረበሽ ያስከስሳል!»

«ሰውዬው ነገሩኝ።»

«ሰውዬው ማውራታቸው ነው! በወፎቹ ከማንም በላይ የሚኮሩት እሳቸው አይደሉም እንዴ? አንድ ደብዳቤ ነበር የቀረን፣ አንድ!» ድምፅዋን ቀነሰች። «ማንም አላየሽም። ዝም በይ።»

እሺ አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ከድካም በቀር የተሰማኝ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ዝናቡ አባርቶ ማሳው እንደገና ሞላ። ወፎቹ ግን የሉም። ሁሉም ባዶውን ሽቦ ያያሉ። ሰናይት ልጇን በጋሪ ይዛ ከእኔ ጋር ወረደች። ሚስተር ሄንሊ ሲያዩኝ ጠጋ ብለው «ይቅርታ፣ ደብዳቤዎን አዘገየሁት። ዛሬ ማታ እፈርመዋለሁ» አሉኝ። ሰናይት ክርኔን ጨበጠች።

የጠባቂዎቹ አለቃ፣ ደብተር የያዘ ረጅም ሰው፣ ቲቸር ሱዛንን መሐል አቁሞ ይጠይቃታል።

«ስንት ደቂቃ ነው የተለዩት?»

«አርባ። ምናልባት ሃምሳ።»

«ለምሳ?»

«ዝናብ ነበር። ማንም አልነበረም።»

«ማንም አልነበረም» አለ አንዱ ከኋላ። «ወፎቹም አሁን የሉም።» ሌላው እንቁላል ሌባ ገብቷል አለ። ሌላው ደግሞ በዚህ ዕድሜ ጥበቃ የማይሰጥ ሥራ ነው አለ፤ እሷ እየሰማች። ቲቸር ሱዛን መነጽሯን መንቀል ጀመረች። ሦስተኛው እግር አልታጠፍ ብሏት በጉልበቷ ተጭና ትታገለዋለች።

«ቤት እንግባ» አለችኝ ሰናይት በአማርኛ። «እማዬ፣ እባክሽ።»

«እሷ አይደለችም» አልኩ በእንግሊዝኛ። «እኔ ነኝ ያባረርኳቸው። በትሪ።»

ሁሉም ዞሩ። ሚስተር ሄንሊ ቆባቸውን አወለቁ።

«ለምን?» አሉ።

«ንቦቼን እየጨረሱብኝ ነው ብለውኝ ነበር።»

«እሱማ… ወሬ ነው እኮ። ማውራቴ ነበር።»

«አዎ። አሁን ገብቶኛል።»

ቆባቸውን መልሰው አጠለቁ። ስለ ደብዳቤው አልተናገሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ቲቸር ሱዛን ቀና ብላ አየችኝ። ምስጋና አልነበረም ፊቷ ላይ።

«እንቁላል ነበራቸው» አለች።

«ይሆናል» አልኩ።

አለቃው ደብተሩን ገለጠ። «ስምዎ?»

«ዘነበች።»

«እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ደብተሩን ተቀብዬ ስሜንና የቤቱን ቁጥር በራሴ እጅ ጻፍኩለት። እስክሪብቶውን መለስኩ። ከዚያ በሰዎቹ መካከል አልፌ በአጥሩ በር ወጣሁ።