በዜሮ የጀመረው ማሰሻ

«አባባ፣ አላለቀም፤ ይስቁብኛል፤ አልሄድም!»

ዛሬ ጠዋት ወልቂጤ፣ በቤታችን ደጃፍ፣ የልጅ ልጄ እንዲህ አለችኝ። የሠራችውን የጉራጊኛ መዝገበ ቃላት መተግበሪያ ጉብሬ ባለው ትምህርት ቤቷ ለክፍል ጓደኞቿ ልታቀርብ ነበር።

ከአንድ ቀን በፊት ከቀደምት የኢንተርኔት ማሰሻዎች አንዱ ስለሆነው ስለ ሞዛይክ እትሞች አስነብባኝ ነበር። ለካስ የእትሙ ቁጥር በአንድ አልጀመረም፤ «ዜሮ ነጥብ» እየተባለ ወጥቶ፣ ስሕተቱን በአደባባይ እያረመ አደገ።

በእኛ ዘመን ትምህርት ቤት ዜሮ ማግኘት ያንበረክክ ነበር። እነዚያ ግን ዜሯቸውን ለዓለም አሳዩ፤ አደነቅኋቸው።

«ዜሮ ነጥብ አንድ በዪውና ሂጂ» አልኋት።

«እርስዎ ዜሮ ሲመርቁ ዛሬ ሰማሁ!» ብላ እየሳቀች ባጃጅ ውስጥ ገባች።

አሁን ደወለች። «ሳቁብኝ አባባ፤ ግን ከአገና የመጣችው የክፍሌ ልጅ ከመዝገቡ የጎደለ ቃል ሰጠችኝ። ዜሮ ነጥብ ሁለትን ጀምሬያለሁ!»

እናንተስ፣ ሳይጠናቀቅ በድፍረት ያሳያችሁት ሥራ ምን ነበር?