ሴንሲቲቭ ኢሹ የሆነችው እህቴ

ነገር ሲከር በእንግሊዝኛ ካነሱት ይለዝባል ይላሉ። ሐሰት ነው። ይታፈናል እንጂ አይለዝብም።

«ሴንሲቲቭ ኢሹ» የሚለውን ነገሌ ቦረና ወዳለው ቤታችን ያስገባው አጎቴ ነው። ዶሎ ኦዶ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ይሠራ ስለነበር ለእረፍት ሲመጣ ቴምርና እንግሊዝኛ ይዞ ይመጣል። ቴምሩን እኛ እንበላለን፤ እንግሊዝኛውን አባቴ ይወስደዋል። አባቴ የክሊኒክ ድሬሰርና የቸርች ሽማግሌ ነበር።

እህቴ ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ወደደች። ልጁም ወዷት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሎቹ ሳሎናችን ተቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጤናችን ጠይቀው ሲያበቁ የመጡበትን ተናገሩ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄ እንኳን ሴንሲቲቭ ኢሹ ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ የከብት ነጋዴ ነበሩ። «አንቱ ሐኪም ነዎት፤ ይሄ በሽታ መድኃኒት የለውም?» አሉ። አባቴ አልሳቀም። ሽማግሌው ቀጠሉ፦ «እሺ፣ ሰጡን ወይስ ከለከሉን?»

«ከለከልኩ አልወጣኝም።»

«ሰጠሁም አልወጣዎት።»

ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ።

እህቴ መጠየቋን አልተወችም፤ በጠየቀች ቁጥር ቃሉ እድገት ያገኛል። በሚቀጥለው እረፍቱ አጎቴ «ኮንትሮቨርሻል ቶፒክ» አደረገው። ቀጥሎ «ሆት ኢሹ» ሆነ። «ትንሽ ይብረድ» አላት አጎቴ።

«ጋሼ፣ እኔ ሾርባ ነኝ እንዴ?»

ክልከላን የሚያወግዙ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። እኔ ግን ክልከላን እመርጣለሁ። አባቴ «እምቢ» ቢላት ኖሮ አንድ ማለዳ ወደ ፊልቱ ከተማ የሚሄደውን መኪና ተሳፍራ ከልጁ ጋር ትጠፋ ነበር። ከዓመት በኋላ አስታራቂ ይላካል፣ ይለቀሳል፣ ይታረቃሉ፤ መንገዱ የታወቀ ነው። ከእምቢታ ይኮበለላል። ከሴንሲቲቭ ኢሹ ግን ወዴት ይኮበለላል? ያልከለከለሽን አባት ምን ብለሽ ትከጂዋለሽ? ስለዚህ ጠበቀች።

አንድ እሁድ ከቸርች ስንመለስ በራፉ ላይ አባቴን ያዘችው። አማርኛው ሰልችቷት ነው መሰለኝ፣ በኦሮምኛ «አባ፣ ኤዬ ሞ ላኪ?» አለችው፤ አዎ ወይስ አይሆንም። አባቴ ቁልፉን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ሲፈልግ ቆየ። አገኘው። ከፈተ። ገባን።

የልጁ ወገኖች ዝምታውን እንደ መልስ ቆጠሩት። ልጁ ፊልቱ ሄዶ ሌላ አገባ። አጎቴ «እንግዲህ ኢሹው ተዘጋ» አለ።

እህቴ ዛሬም እዚያው ቤት ናት። የአልጋ ቁራኛ የሆነውን አባታችንን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። እስከ አሁን አልመለሰላትም።

አንተ ይህን የምታነብ፣ ቤትህ መልስህን የምትጠብቅ ልጅ ካለች ንባቡን እዚህ ላይ ተወው። ተነሥና እሺ ወይም እምቢ በላት። ዛሬውኑ።