የሠርጌ አሳና ሳቢሳው

አባዬ ከሰው ሠርግ አኩርፎ ሲመለስ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የጋሼ የመጨረሻ ልጅ የተዳረች ዕለት። ጋሼ የምላቸው ከወንዙ ማዶ ያሉትን ጎረቤታችንን ነው። እነሱ ክርስቲያን፣ እኛ እስላም ነን፤ ቦሩ ሜዳ ላይ ይህ ወሬ አይሆንም። የሁለታችንን ማሳ የሚለየው ወደ ቦርከና የሚወርድ ትንሽ ወንዝ ነው፤ በበጋ ዶሮ እንኳ ትሻገረዋለች። አባዬና ጋሼ አብረው አርሰዋል፣ አብረው ሰው አስታርቀዋል፣ አስፈላጊ ሲሆንም አብረው ዋሽተዋል። አብረው ያላደረጉት ነገር ቢኖር ሥጋ መብላት ነው።

ነገሩን የወሎ ሰው ያውቀዋል። ክርስቲያን ሲደግስ ለእስላም እንግዶቹ በግ ወይም ወይፈን በቁሙ ይሰጣል፤ እነሱ ራሳቸው አርደው፣ ራሳቸው ሠርተው፣ በራሳቸው ዳስ ይበላሉ። እኛም ስንደግስ እንደዚያው ነው። ማንም በዚህ ተቀይሞ አያውቅም። በዚያ ቀን ግን ጋሼ «ብሉ እንጂ! ምን ጎደለ? በሞቴ!» እያሉ ከአንዱ ዳስ ወደ ሌላው ሲሯሯጡ ዋሉ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከአባዬ ጎን አልተቀመጡም። አባዬ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ወንድሜ እንደ ሆቴል አስተናጋጅ ቆሞ አበላኝ» አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ደሴ እወጣና ሌላ ሚኒባስ ይዤ ቦሩ ሜዳ እገባለሁ። በቀጣዩ ቅዳሜ የተጠበሰ አሳ በወረቀት ጠቅልዬ ይዤለት ሄድኩ፣ ኩርፊያው ይለቅቀው እንደሆነ ብዬ። አባዬ አንዱን ቁራሽ አንስቶ አፉ ሳያደርስ ቆመ።

«ይሄን ማን አረደው?»

«አሳ ይታረዳል እንዴ አባዬ? ከውሃ ሲወጣ በቃው።»

«እስላምም አያርደው፣ ክርስቲያንም አያርደው?»

«ማንም አያርደው።»

ቁራሹን መልሶ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠና «አልሐምዱሊላህ» አለ። ሳይበላ ያመሰገነበት ቀን ያ ብቻ ይመስለኛል። ወዲያው ተነሥቶ ወንዙን ተሻገረ፤ አሳዬንም ድመቷ በላችው።

በዚያው ሰሞን ታጭቼ፣ ሠርጌ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች የኔን ሠርግ በሙሉ በአንድ ትሪ አሳ ዙሪያ እንደገና አቀዱት። አሳም ሥጋ ነው፣ አራጅ ግን የለውም፤ ስለዚህ በእኔ ሠርግ ላይ አባዬና ጋሼ ካንድ ትሪ ሥጋ ሊበሉ ነው። አሳውን ከሐይቅ ገዝቼ አመጣለሁ ብላቸው ሁለቱም እንደ ባለጌ አዩኝ። የገዛሁት ከሆነ አባዬ ደጋሽ፣ ጋሼ እንግዳ ሊሆኑ ነው፤ እንግዳና ደጋሽ ከሆኑ ደግሞ አንዱ መቆሙ አይቀርም። የወንዙ አሳ ግን የሁለቱም ነው፤ ወሰኑ ውስጥ ነው የሚኖረው።

አባዬ ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ተኝቶ ከተነሣ ወዲህ ሁሉን ነገር «የመጨረሻዬ» ማለት ይወዳል። የመጨረሻዬ ካፖርት፣ የመጨረሻዬ ራዲዮ። እናደድበታለሁ። በዚህ ነገር ግን ልከራከረው አልቻልኩም። የመጨረሻ ልጁ እኔ ነኝ። ከእኔ ወዲያ ጋሼን የሚጠራበት ድግስ የለውም፤ ያለው ቀብሩ ነው፣ እዚያ ደግሞ እሱ አይበላም።

ችግሩ ወንዛችን ውስጥ አሳ የሚባለው የጣት ያህል መሆኑ ነው። ወንዙ ታች ሰፍቶ የሚያርፍበት ጥልቅ ኩሬ አለ፤ ትልልቆቹ የሚገኙት እዚያ ነው፣ እነሱም ከመዳፍ አይበልጡም። ወጣቶቹ በየበጋው የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ይጨምሩበታል፤ አሳው ይሰክርና ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፣ ትንሹም ትልቁም አብሮ ያልቃል። አባዬና ጋሼ ጉዳዩን ወደ ቅሬ ወሰዱት። ቅሬ የኛ የቀብር ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት፤ ሰው መንግሥትን ባይፈራ ቅሬን ይፈራል። «እስከ ጥር ድረስ ኩሬው ውስጥ ብርብራ የጨመረ፣ መረብ የጣለ፣ ቀባሪ አያገኝም» ተብሎ ተወሰነ። ለመዳፍ ለማትሞላ አሳ ሲባል ሰውን ሳይቀበር ማስቀረት ትንሽ የበዛ መሰለኝ፤ ዱዓ ተደርጎበት ስለነበረ ግን አሜን አልኩ።

የሰው ነገር በዚህ ተዘጋ። ሳቢሳው ግን የቅሬ አባል አይደለም።

ሳቢሳ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ረጅም አንገት፣ ቀጭን እግር፣ ምንም የማይቸኩል ግራጫ ወፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ይመጣና ኩሬው ዳር ይቆማል። የሞተ ይመስላል። ከዚያ አንገቱን አንዴ ይወረውረዋል፤ አንድ አሳ ጎደለ ማለት ነው። አባዬ በድንጋይ ሞከረ፤ ትከሻው ተቀጨ እንጂ ወፉ አልተነካም። ጋሼ አሮጌ ካፖርታቸውን በእንጨት ሰቅለው ማስፈራሪያ አቆሙ፤ ሳቢሳው ካፖርቱ ትከሻ ላይ ቆሞ ማጥመድ ጀመረ። ከፍ ብሎ ሲያይ ይሻለዋል መሰለኝ።

እኔ ደሴ ፒያሳ የሠርግ ልብስ ስለካ ስልኬ ይጮኻል።

«ዛሬም መጣ» ይላል አባዬ።

«ማን?»

«ማን ይሁን! እሱ ነዋ!»

ልብስ ሰፊዋ የድሮ እጮኛዬ የሚያስቸግረኝ መስሏት በኀዘኔታ ታየኝ ነበር።

ሳቢሳው የሚያድረው በጋሼ በኩል ባለው ዳርቻ፣ ባሕር ዛፎቹ ላይ ነው። ስለዚህ አባዬ «ያንተ ወፍ ነው፤ ክርስቲያን ነው» ይላል። ጋሼም «ገና አዛን ሲል የሚነሣ ወፍ እንዴት ክርስቲያን ይሆናል?» ብለው ይመልሳሉ። እንዲህ ሲጨቃጨቁ ከርመው ሰኔ ላይ ተስማሙ፤ ሁለቱ ሲስማሙ መፍራት ነበረብኝ። ወፉ ማደሪያ ካጣ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዛፎቹ ይቆረጡ። ደግሞም ለእኔ ሠርግ ዳስ የሚሆን ቋሚ ያስፈልጋል፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ! አንዱን እንኳ እንዳልመቱ ገና አላወቁም።

ቅዳሜ ስደርስ መጥረቢያውና መጋዙ ሥራውን ጨርሷል። ባሕር ዛፉ ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ የነበረው ወይራና ቁጥቋጦም «መንገድ ዘጋ» ተብሎ አብሮ ተመንጥሯል። ዳርቻው የተላጨ ራስ መስሏል። አባዬና ጋሼ እንደ ሁለት ሙሽሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩታል።

በማግሥቱ ጠዋት ሳቢሳው መጣ። ማደሪያ ቢያጣ ከሌላ ቦታ ይመጣል እንጂ ለምን ይቀራል? በእግሩ ወደ ውሃው ገባና መሐል ኩሬው ላይ ቆመ። ድሮ ጥላ ስለነበረ አሳው ቅጠል ሥር ይደበቅ ነበር፤ አሁን ፀሐዩ እስከ ወለሉ ድረስ ይገባል፤ አሳው እንደ ትሪ ላይ ምግብ ቀርቦለታል። በሳምንቱ ሚስቱንም ይዞ መጣ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ሥር የያዘው አፈር ያለ ሥር ቀርቶ፣ ዝናቡ ዳርቻውን እየናደ ኩሬው ውስጥ ገለበጠው። መስከረም ላይ ውሃው ሲጠራ ወርጄ አየሁት። ከወገብ በላይ ይደርስ የነበረው ኩሬ ጉልበቴን አይሞላም፤ ግማሹ ጭቃ ሆኗል። አሳ ፈልጌ አጣሁ። የሠርግ ልብሴ ቢቀደድ እንደዚያ የምከፋ አይመስለኝም፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሁለቱ ደግሞ ተጣሉ። «ቁረጥ ያልከኝ አንተ!» «ወፉን ያሳደርከው አንተ!» ተባባሉና መነጋገር አቆሙ። በዚህ ላይ ዛፎቹ ሲቆረጡ ከብት ይገታ የነበረው ቁጥቋጦ አብሮ ሄዶ ኖሮ፣ የኛ ከብት ወንዙን እየተሻገረ የጋሼን ሽንብራ መጋጥ ጀመረ። ጋሼ ሦስት ጊዜ ላኩብን፤ አባዬ «ላሚቱ ወሰን አታውቅም በሉት» ብሎ መለሰ። ይኼ የአባዬ ክፋት ነበር፤ ላሚቱን ማገድ ይችል ነበር። ጋሼ በንዴት የግራርና የቀጋ እሾህ ቆርጠው፣ ተመንጥሮ የቀረውንም ቅርንጫፍ ጨምረው፣ በወሰኑ ልክ ወንዙ ውስጥ ከመሩት። ኩሬው ከዳር እስከ ዳር በእሾህ ታጠረ።

አባዬ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «በኔና በሱ መካከል እሾህ አስቀመጠ» አለኝ። «ይሄን ሁሉ ዘመን አጥር ኖሮን አያውቅም።» በዚያ ቅዳሜ እራት አልበላም። እኔም በልቤ አሳውን ትቼ ሠርጌ ላይ ጋሼ ይመጡ ይሆን ወይ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ።

«አቃተው!» አለ አባዬ።

«ማን? ምኑ?»

«እሱ! እግሩን የሚያሳርፍበት አጣ! እሾህ ነዋ! ወላሂ አንገቱን ከቶ መልሶ አወጣው፣ ባዶውን!»

አጥሩን ሊነቅል በንዴት ወርዶ ነው ያየው። ከእሾኹ ሥር ጥላ አለ፣ ከጥላው ሥር ደግሞ አሳ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። ሳቢሳው ዙሪያውን ይዞራል፣ መግቢያ የለውም። ጋሼ ላሚቱን ከልክል ብለው ያስቀመጡት እሾህ ከላሚቱ ይልቅ ወፉን ከለከለ፤ ላሚቱማ በላይ በኩል ዞራ ሽንብራውን መጋጧን አልተወችም። አባዬ ስልኩን ሳይዘጋ ወንዙን ሲሻገር ሰማሁት። ውሃው ተንቦጫቦጨ፣ ውሻ ጮኸ፣ ከዚያም አባዬ ከሩቅ፣ «አንተ ሰውዬ! ውጣ! እሾህ ጨምር!» እያለ ሲጣራ ሰማሁ። ይኼ በኛ አገር ዕርቅ ነው። ላሚቱ ከዚያን ቀን ጀምራ ታሰረች፤ ባዶው ዳርቻ ላይም የወይራ ችግኝ ተተከለ። መቼ ጥላ እንደሚሆን ስጠይቅ ሁለቱም ችግኙን ውሃ ማጠጣት ያዙ።

ሠርጌ እሑድ ዋለ፤ ጥር ስለሆነ ጋሼን የሚይዝ ጾም አልነበረም። ቅዳሜ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሰፈር በተገዛ መረብ እሾኹን ከፍተው አጠመዱ። ትንንሹን መልሰው ጣሉ፤ የቀረው አንዲት ትሪ እንኳ በደንብ አይሸፍንም። ዳር ቆሞ ለነበረው ሳቢሳም አባዬ አንድ ወረወረለት፤ «እሱም ጎረቤት ነው» አለ።

የክርስቲያኑ ዳስ በአንድ በኩል፣ የእስላሙ በሌላ በኩል፣ እንደ ሁልጊዜው ተዘርግቷል። በመካከላቸው መጋረጃው ከተያያዘበት ቋሚ ሥር አንዲት ትንሽ መሶብ ተቀመጠች። አባዬና ጋሼ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ሙሽራዋ እኔ ነኝ፤ የሚያየኝ ግን አልነበረም፤ ሁለቱም ዳስ አንገቱን ወደ መሶቧ አዙሯል። አንዱ «ቢስሚላህ»፣ ሌላው «በስመ አብ» አሉ። አባዬ ከሆስፒታል ወዲህ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አጥንቱን መልቀም አቃተው። ጋሼ ትሪውን ወደ ራሳቸው ሳቡና ይለቅሙለት ጀመር፤ የለቀሙትን ያጎርሱታል፤ እሱም አፉን ይከፍታል። ከዚያ ጋሼ ለራሳቸው ትልቁን ቁራጭ ጎረሱ።

አባዬ ማኘኩን አቁሞ አያቸው። ትኩር ብሎ አየ።

«አንተ» አለ፣ «ሥጋ ስትበላ ዓይንህን ትጨፍናለህ እንዴ?»

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። «ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«እኔ እኮ አላውቅም ነበር» አለ አባዬ። ሁላችንም ሰማነው።