እናቴ የቆረጠችው ምራን

የተቃጠለ የመኪና ፍሪሲዮን ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሲመታው፣ የትም ብሆን ልቤ ከንፋስ መውጫ በታች ወደነበረው ቤታችን ይሄዳል። ቤታችን ጣሊያን ተራራውን ቆርጦ ባወጣው ጠባብ መንገድ አፋፍ ላይ ነበር፤ መንገዱ ከደጃችን ፊት ለፊት እንደ ክርን ይታጠፋል፣ ባንድ ወገን ቋጥኝ፣ ባንድ ወገን ገደል ነው። በንጉሡ ዘመን ከዚያ መታጠፊያ ሳይያዝ ያለፈ የጭነት መኪና አላስታውስም።

በበጋ ሞተር ከሩቅ ሲያቃስት ታላላቆቼ «ይያዛል!» «አይያዝም!» እየተባባሉ ሲከራከሩ፣ አባቴ ቀንበሩን ከግድግዳ ያወርድ ነበር። ቡሬና ወይኖ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሩን። አባቴ ሞፈሩን ይተውና፣ የመኪናውን ሰንሰለት ቀንበሩ መሐል በሚታሰረው ወፍራም ጠፍር፣ በምራኑ፣ አያይዞ ያስጎትታቸው ነበር። «ሾፌሮች ስሜን እስከ ደሴ ያውቁታል» ብሎ ይኮራል፣ እኔ ሴት ልጁ ደግሞ ከሱ ብሼ እኮራ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን መኪና የሚባል ስለማይመጣ፣ አባቴም እንደ ጎረቤቶቹ ተራ ገበሬ ይሆናል።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀደመና፣ በግንቦት መጀመሪያ፣ የገብሱ እርሻ ሊጀመር ሲል፣ ጨው የጫነ መኪና መታጠፊያው ላይ የኋላ ጎማው ሰመጠ። እናቴ ጎማው ሥር የሚነጠፍ ሣር ታጭድ ነበር፤ ቀና ብላ ጭነቱንም በሬዎቹንም አየችና ሾፌሩን «መጀመሪያ ጨውዎ ይውረድ፣ ጌታው። እነዚህ በሬዎች አንድ ነገር ከሆኑብን ዘንድሮ አናርስም» አለችው።

«ዝናብ መጣ እኮ፣ እሜቴ! ከወረደ ሟምቶ ይቀራል» አለ ሾፌሩ።

እናቴ ወደ አባቴ ዞራ «አንቱ፣ ይቅርብዎ» አለችው። አባቴ ግን በተሰበሰበው ሰው ፊት እምቢ ማለት አልሆነለትም፤ «ግድ የለም፣ ቡሬ ያወጣዋል» ብሎ ጅራፉን አነሳ።

አወጣውም። ጎማው ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ሰው ሁሉ እልል አለ፤ አባቴም በደስታ ራሱን ረስቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ የትልሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ እንደሚለው፣ «መለስ!» ብሎ ጮኸ። በሬዎቹ ምን ያድርጉ? እንደለመዱት ዞሩ፣ የዞሩት ግን ወደ ገደሉ ነበር። መኪናው የሚስበው ሲያጣ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ሰንሰለቱ ተወጠረ፣ ቡሬ የፊት እግሩ ጠርዙን ስቶ በጉልበቱ ወደቀ። አባቴ ባለበት ደርቆ ቀረ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጠው እናቴ በሁለቱ በሬዎች መሐል ገብታ ምራኑን በማጭዷ ትገዘግዘዋለች። ተበጠሰ። መኪናው ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ አለ፣ ቡሬም እያለከለከ ተነሳ።

«አሁንስ ጨውዎ ይወርዳል?» አለች እናቴ፣ ድምጿን እንኳ ሳታነሳ።

ሾፌሩ ራሱ የመጀመሪያውን ጆንያ አወረደ። ሴቱም ወንዱም ጆንያውን እየተሸከመ ዝናቡ ሳይደርስ እኛ ቤት አስገባው፣ ባዶው መኪናም በሰው ግፊት ወጣ። በዚያው ሳምንት ቡሬና ወይኖ የገብሱን ማሳ አረሱ። ከዚያ ወዲህ ሞተር ሲያቃስት አባቴ ቀንበሩን ከማውረዱ በፊት «አንቺ፣ ማጭድሽን ይዘሽ ነይ!» ይላት ነበር። እየሳቀ ይበለው እንጂ፣ እሷ ሳትመጣ በሬዎቹን አይጠምድም ነበር።

ዛሬ ቋጥኙ ተንዶ መታጠፊያው ሰፍቷል፤ ያኔ ያላየናቸው ረጃጅም ተሳቢዎች አስፋልቱ ላይ ሳይቆሙ ያልፋሉ፣ ሾፌሮቹም በማን ደጅ እንዳለፉ አያውቁም። መንገዱ በመስፋቱ ደስ ይለኛል፤ የድሮው ይሻል ነበር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ግን አንዱ መኪና ሌላውን ሲጎትት ባየሁ ቁጥር፣ በተወጠረው ገመድ አጠገብ ማጭድ የያዘች ሴት ቆማ እንደሆነ ዓይኔ ይፈልጋል።