ድቡልቡሉ ፊደልና ቀዩ ስም

ያን ፊደል ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አወጣው የሚል ካለ ደባርቅ ድረስ መጥቶ ይሟገተኝ። ንባቡን እንኳ በደንብ አልችልም፤ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ሳልደግም ነው የወጣሁት። በደርግ ጊዜ ግን ለሳኝና ኖራ ቀቢ ነበርኩና ቀበሌው «መፈክር ጻፍ» አለኝ። ያኔ እምቢ አይባልም።

የነበረኝ የኖራ ብሩሽ ብቻ ነው። የኔታ በመቃ ብዕር እንደሚያደርጉት አንዱን ጎን አወፍሮ ሌላውን ማቅጠን በሱ አይሆንም። ስለዚህ ሁሉንም እኩል አወፈርኩት። ጫፉን ሹል ሳደርገው ቀለሙ ስለሚንጠባጠብ እንደ አውራ ጣት አዞርኩት። የ«መ» እና የ«ወ» ሆድ ነው ያስቸገረኝ። ፊደሉ ሲወፍር ሆዱ ይደፈንና ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ድንጋይ ይመስላል። በቲማቲም ጣሳ ክዳን እየለካሁ ሆዱን አሰፋሁት፣ እግሩን አሳጠርኩት። በኋላ በካርቶን ቀረጽኩት፤ ከዚያ ወዲያ ካርቶኑን ግድግዳ ላይ ይዞ መቀባት ብቻ ሆነ።

ከዳባት የሚመጣ ሹፌር ገና ከተማው ሳይገባ ያነበዋል። ክሊኒኩም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ሻይ ቤቱም በሱ ተጻፈ። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ዐይናቸው የደከመ አሮጊቶች የለዩት የኔን ፊደል ነው።

የኔታ ግን ዕድሜያቸውን ብራና ላይ የጨረሱ ጸሐፊ ናቸውና ባዩት ቁጥር ያሾፉብኛል።

«ይሄ ፊደል ነው ወይስ ለፋሲካ የተቀለበ ሙክት?»

«ሙክትም ቢሆን ይታያል፣ የኔታ።»

«መታየትማ እባጭም ይታያል።»

አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጥተው «እስቲ ካርቶኖቹን አውሰኝ» አሉኝ። ተሸነፉ ብዬ ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። የልጅ ልጃቸው ከገበያ ታፍሶ ወደ ጦር ሜዳ ከሄደ ያኔ ወር አልሞላውም።

ሳምንት ሳይቆይ፣ በገበያ ቀን ጠዋት፣ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው ወሰዱኝ። ገበያውን ፊት ለፊት የሚያየው የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ በኔ ድቡልቡል ፊደል፣ እንዲህ ተጽፏል፦ «እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይመልስልን።»

ሁሉም ጥቁር ነው። «እግዚአብሔር» የሚለው ብቻ ቀይ ነው።

ብራና ላይ የአምላክ ስም በቀይ ነው የሚጻፈው፤ ቤተ ክርስቲያን የዋለ ሁሉ ያውቃል። ግን ግድግዳ ላይ፣ ያውም ተደብቆ ሲጽፍ፣ ቀለም ቀይሮ ስሙን በቀይ የሚያወጣ ሰው በደባርቅ አንድ ብቻ ነው። ፊርማቸውን ያኖሩ ያህል ታወቀኝ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ሽጉጡን ታጥቆ ቆሟል።

«ይሄ ፊደል የማን ነው?»

«የኔ።»

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ፊደሉ የኔ ነው አልኩህ እንጂ ጻፍኩት መች አልኩ?»

«ካርቶኑስ?»

«ደጅ ነው የማሰጣው። ማን እንደነካው በምን አውቄ?» ዋሸሁ።

ወደ ግድግዳው ጠጋ አለ። «ይሄኛው ቃል ለምን ቀይ ሆነ?»

«ጥቁሩ አልቆበት ይሆናል።»

«ቀለም መጀመሪያው ቃል ላይ ያልቃል እንዴ፣ አንተ ደንቆሮ!»

እውነቱን ነው። ከኋላዬ የቆመው ገበያተኛ አንገቱን ደፋ፤ ማን እንደጻፈው የገባው ሰው ብዙ ነው። አንድ ሰው አፉ ቢያመልጠው የኔታ አለቀላቸው። ቀዩን በጣቴ ነካሁት፤ ዱቄቱ ጣቴ ላይ ቀረ። የቆርቆሮ ቀለም አይደለም፣ የኔታ ለብራና የሚበጠብጡት ቀይ አፈር ነው። ጣቴን ኪሴ ከተትኩና፣

«እኔ ቤት ቀይ ቀለም የለም» አልኩ። «በዚህ ከተማ ቀይ ቀለም ያለው ኮከቡን የምታስቀባኝ አንተ ዘንድ ነው። ቁልፉም አንተው ወገብ ላይ ነው።»

ጥበቃዎቹ ተያዩ። የሊቀ መንበሩ ፊት አመድ መሰለ።

«ደምስሰው! ከጎንደር እንግዳ ሳይመጣ አሁኑኑ ደምስሰው!»

ኖራ በጠበጥኩ። ከመጨረሻው ቃል ጀመርኩ። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ የለመደች አንዲት አሮጊት «እ… ግ… ዚ… አ…» እያለች ስሙን ለቀመችው። ሴቶቹ «አሜን!» አሉ። በድንጋጤ ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። ሊቀ መንበሩ ግን ከኋላዬ ነበርና አንስቼ ቀጠልኩ። ቀዩ በአንድ ቅብ አልጠፋ አለ። ሦስት ጊዜ ደረብኩበት።

ከሰዓት የኔታ ቤት ሄድኩ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ብራና ይፍቃሉ።

«የኔታ፣ ሊጨርሱን ነበር እኮ! ሁሉንም በጥቁር ቢጽፉት ምን ነበረበት?»

እንደተሰደበ ሰው አዩኝ። «ስሙን? በጥቁር?» በጥቁር መጻፍ እንደሚቻል ጨርሶ አልታሰባቸውም።

«ታዲያ በራስዎ እጅ ጽሕፈት አይጽፉትም ነበር?»

«የኔን ማን ያነበዋል? እናቶቹ የሚያውቁት ያንተን ሙክት ነው።»

ልስቅ ስል፣ «አሁንም አለ?» አሉኝ።

«ደመሰስኩት።»

«ስሙንም?»

«ስሙንም።»

መፋቂያቸውን አስቀመጡ። ገብተው ካርቶኖቹን አመጡና ሳያዩኝ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ እስኪያርፉ ድረስ ሰላምታዬን ራሳቸውን ነቅንቀው ብቻ ነበር የሚመልሱልኝ። እኔም ግትር ነኝ፤ ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ባልደመስሰው ያን ቀን ይወስዷቸው ነበር። ስሙን በኖራ የደፈነው እጅ ግን ይኸው የኔ ነው፤ ዛሬም ሳየው ክው እላለሁ።