አዲስ አባል በር ላይ ይቀመጣል

ባለፈው እሑድ ልጄ ማስተዋል ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። እኔ ደብረ ማርቆስ ግቢዬ ውስጥ ብቅል አስጥቼ ዶሮ እየከለከልኩ ነበር። ለሚዛንና ለመስፈሪያ ደረጃ የሚያወጣ ምክር ቤት ውስጥ አባል ሆና መመረጧን ነገረችኝ። እልል ልል አፌን ስከፍት፣ «ቆይ እማዬ፣ ለአዲስ አባላት የተሰጠንን መመሪያ ላንብብልሽ» አለች።

አዲስ አባል በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ቢያዳምጥ ይመረጣል ይላል። ነባር አባላት የተስማሙበትን ጉዳይ እንደገና ማንሣት አይመከርም ይላል። እልልታዬን ዋጥኩት።

«ማንም ክፉ አስቦ አልጻፈውም እኮ» አለች።

«አንቺ የምትናገሪው ነገር አለሽ ወይ?»

የምትናገረው አላት። በሚቀጥለው ስብሰባ የሚጸድቅ ረቂቅ አለ። እህል የሚገዛ ነጋዴ ሚዛኑን ራሱ መርምሮ፣ ራሱ «ትክክል ነው» እንዲል የሚፈቅድ አንቀጽ ገብቶበታል። ልጄ ይህን አይታ ተቆጥታለች። ግን አዲስ ናት። እስክትለምድ ድረስ ረቂቁ ጸድቆ ያልቃል።

ብቅሌን ዶሮ በላው። እኔ በሐሳቤ ከግቢዬ ወጥቼ፣ ከአምበር ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ብላ በምትገኝ ትንሽ ገበያ፣ ይህችኑ ማስተዋልን በጀርባዬ አዝዬ ቆሜ ነበር።

በሰማንያ ሦስት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው። ያን ጊዜ ኮሚቴ የሌለው ነገር አልነበረም። ገበያችንም የመስፈሪያ ኮሚቴ ነበረው፤ ቁና የሚመረምር፣ ሻጭና ገዢ ሲጣላ የሚዳኝ። ከወረዳ «አንዲት ሴት ትግባ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ እኔን መረጡ። ዕድሜዬ ገና ለጋ ነው፤ ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አያልፍም። ጡት የምታጠባ ሴት ናት፣ ቶሎ ቶሎ ትወጣለች ብለው እንደመረጡኝ በኋላ ነው የሰማሁት።

ወሩ ጥር ነበር። ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ አህያና ፈረስ የሚያስነሣው አቧራ ዓይን አያስገልጥም። አብሮኝ የተመረጠው ጎረቤታችን ሽባባው ነበር፤ እንደኛው ጤፍ አምራች። የሽምብራ እሸት እየፈለፈልን አብረን ሄድን። መንገዱን ሙሉ የነጋዴዎቹን ቁና ሲራገም ነው የሄደው። ይህን ያዙልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጋዴው ከእኛ ሲገዛ ሰፋሪው ቁጢጥ ብሎ የቁናውን አፍ በሁለት ክንዱ ያቅፋል። ክንዱ እንደ አጥር ይሆናል፤ ጤፉ ከቁናው አልፎ በክንዱ ላይ እስከ ደረቱ ይቆለላል። ያ ሁሉ አንድ ቁና ነው ይባላል። ያንኑ ጤፍ ለከተማ ሰው ሲሸጥ ደግሞ የቁናውን አፍ በመዳፉ ጥርግ ያደርገዋል። ያም አንድ ቁና ነው። በዚያ ዓመት በረዶ አዝመራችንን መትቶት፣ ጎተራችን ግማሽ እንኳ አልሞላም ነበር። በዚያ ክንድ ላይ የሚቀረው ክረምቱን የምንሻገርበት ነው።

ስብሰባው የሚደረገው በሊቀመንበሩ በአያ ሙላት መደብር ነበር። አያ ሙላት የገበያው ትልቁ የእህል ነጋዴ ነው። መስፈሪያ የሚመረምር ኮሚቴ በማን ቤት እንደሚሰበሰብ ልብ በሉ! ነባሮቹ በጆንያዎቹ ላይ ተደላድለዋል። እኔንና ሽባባውን ነፋሱ የሚገባበት በር ላይ፣ ደረቅ አግዳሚ ላይ አስቀመጡን። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ዞረ፤ እኛ ጋ ሲደርስ አዋዜው አልቋል።

«አዲስ አባል እንደ አዲስ ሙሽራ ነው» ብሎ ጀመረ አያ ሙላት። «አንገቱን ደፍቶ የቤቱን ዐመል ያጠናል። ነባሮች የተስማማንበትን አይነካካም። እጅ አውጡ ሲባል ያወጣል። ይኸው ነው።»

ሣቁ። ሽባባውም ሣቀ።

«ሙሽራስ ሆኜ አይቼዋለሁ፣ አያ ሙላት» አልኩ። «ቤትዎን ላጠና አልመጣሁም።»

«ልጅሽ እያለቀሰች ነው፤ ወጣ ብለሽ አጥቢያት።»

«ተኝታለች።»

የዕለቱ ጉዳይ ወረዳው የጠየቀው ነበር፤ የገበያው አሰፋፈር በጽሑፍ ደንብ እንዲጸና። ነባሮቹ «እንደ ልማዱ» ብለው ተስማምተዋል። ሲገዛ ታቅፎ፣ ሲሸጥ ተጠርጎ። ዛሬ ከጸደቀ ነገ አቤት የምንልበት ደጅ የለም።

«ታቅፋችሁ ከገዛችሁ ታቅፋችሁ ሽጡ» አልኩ። «ጠርጋችሁ ከሸጣችሁም ጠርጋችሁ ግዙ። የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ ግን አንድ ይሁን።»

«አይጥ ይበላብናል እኮ፣ የኔ ልጅ» አለ አያ ሙላት፣ እንደ ሕፃን እያባበለኝ።

«እኛ ቤት አይጥ የለም? ወይስ የእርስዎንም አይጥ የምንቀልበው እኛ ነን?»

እጅ አውጡ ተባለ። ሁሉም አወጡ። ሽባባው ወደ እኔ አየ፤ ወደ ጆንያዎቹ አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አወጣ።

 ተነሥቼ ወጣሁ። በመደብሩ ደጅ የአያ ሙላት ሰፋሪ ለከተማ ሴቶች ጤፍ እየሸጠ ነበር። ልጄን እንዳዘልኩ ቁጢጥ ብዬ ቁናውን በሁለት ክንዴ አቀፍኩት።

«እኔም ልገዛ ነው፤ ስፈርልኝ!»

ሰፋሪው ደነገጠ። ሴቶቹ ሣቁ፤ አንዷ አሮጊት፣ «ከሷ ቀጥሎ እኔ ነኝ፤ ክንዴ ረጅም ነው!» አለች። ሰው ከየአቅጣጫው ተሰበሰበ። አያ ሙላት እየሮጠ ወጣ።

«ተነሺ ከዚያ!»

«ምነው? አንድ ቁና አይደል?»

«ታቅፎ መስፈር ሌብነት ነው!» ብሎ ጮኸ።

 የተናገረውን የሰማው ከሁሉም በኋላ እሱ ራሱ መሰለኝ። ቁናውን ለቅቄ፣ ቀሚሴን አራግፌ ሄድኩ።

ከመንገዱ ስደርስ ሽባባው እየሮጠ ደረሰብኝ። «የሺ፣ ልክ ነሽ እኮ» አለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ውስጥ ሳለን ምነው ይህን አላልክ?»

«አዲስ ነኝ፤ ምን ብዬ?»

በአያ ሙላት የተቆጣሁት ቁጣ ከዓመታት በኋላ በርዷል፤ እሱ ለኪሱ ነው የቆመው። የሽባባው ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።  ከበር ውጭ የተሰጠኝን «ልክ ነሽ» ምን ላድርገው? አልጋግረው፣ አልዘራው!

ደንቡ እንደ ጸደቀ ቀረ። እኔንም «የምታጠባ እናት እንዳትቸገር» ብለው ከኮሚቴው አነሡኝ፤ አዛኞቼ! ነገር ግን ከዚያ በኋላ በዚያ ገበያ የሰፋሪ ክንድ ወደ ቁናው ጠጋ ሲል፣ አንዷ ሴት «አያ ሙላት ምን ነበር ያሉት?» ትላለች። ክንዱ ይመለሳል። እነሱ ያጸደቁትን ደንብ ሴቶቹ በሣቅ አባረሩት።

ይህን ሁሉ ለማስተዋል በስልክ ነገርኳት። በጀርባዬ ተኝታ ያለፋትን ማለት ነው።

«ቢያነሡኝስ፣ እማዬ?» አለች።

«ያንሡሽ። አንቀጹን ግን እዚያው ቤት ውስጥ፣ በጉባኤው ፊት አንሺው። ኋላ ኮሪደር ላይ 'ልክ ነሽ' የሚልሽ ሞልቷል።»

 የረቂቁን ወረቀት ስትገልጥ በስልኩ ይሰማኛል።

«ሌላ ምክር አለሽ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አለኝ። ስትገቢ ከበሩ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ።»